የአየርላንድ በገና፦ በማኅተም ላይ ያለውና በእጅ ያለው

ለማኅበር ጥናት የሚሆን ትምህርት

ንባብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 16፥14–23፤ መዝሙር 137፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥7–9



በገና የሚለውን ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ ልባችን ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ዳዊት ነው። እርሱ ገና በግ ጠባቂ ሳለ ወደ ሳኦል ቤት ተጠራ፤ በደረደረም ጊዜ የንጉሡ የተጨነቀ መንፈስ ያርፍ ነበር። በደጋው አገራችንም በዐቢይ ጾም ሌሊት ከጎረቤት ቤት ዐሥር አውታር ያለው በገና ሲደረደር የሰማ ሰው፥ ያ የሚነዝር ድምፅ ሰውን ወደ ዝምታና ወደ ንስሓ እንዴት እንደሚጠራ ያውቃል።

ዛሬ ግን ልንናገር የወደድነው ከእኛ እጅግ ርቆ ስለሚገኝ ስለ ሌላ በገና ነው። ከአውሮፓ በስተ ምዕራብ፥ በውቅያኖስ መካከል፥ አየርላንድ የምትባል ደሴት አለች። የሌሎች መንግሥታት አርማ ብዙ ጊዜ አንበሳ ወይም ንስር ወይም ሰይፍ ነው፤ የአየርላንድ መንግሥት አርማ ግን በገና ነው። ይህ ነገር እንዴት እንደ ሆነ፥ በገናውም ምን መከራ እንዳለፈበት ብንመረምር፥ ለቤተ ክርስቲያናችን የሚጠቅም ብዙ ትምህርት እናገኝበታለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በገናው ምን ዐይነት ነው?

የእኛ በገና ሁለት ምሰሶዎችና በላያቸው የተጋደመ ቀንበር አለው፤ አውታሮቹም ከቀንበሩ ወርደው በገበቴው ላይ ይታሰራሉ። የአየርላንዱ ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። በአንድ ወገን ወፍራም የድምፅ ሣጥን፥ በላይ የጎበጠ አንገት፥ በፊት ደግሞ ሁለቱን የሚያያይዝ ምሰሶ አለው። አውታሮቹ ከድምፅ ሣጥኑ ሆድ ተነሥተው በቀጥታ ወደ አንገቱ ይወጣሉ። ስለዚህ የዜማ ሊቃውንት ሁለቱን መሣሪያዎች በልዩ ልዩ ወገን ይመድቧቸዋል። አየርላንዳውያን በገዛ ቋንቋቸው ክላርሻኽ ይሉታል፤ እኛ ግን ለአንባቢ እንዲቀልል በገና እንለዋለን።

የጥንቱ የአየርላንድ በገና የድምፅ ሣጥን ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራ ነበር፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የአኻያ ግንድ ነበር። አውታሮቹ የናስ ሽቦ ነበሩ እንጂ አንጀት አልነበሩም። ደርዳሪውም በጣቱ ሥጋ ሳይሆን አስረዝሞ ባሳደገው ጥፍሩ ይመታቸው ነበር። የናስ አውታር እንደ ትንሽ ደወል ጠርቶ ይጮኻል፤ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ደርዳሪው አዲሱን አውታር ሲመታ የቀደመውን በጣቱ ዳስሶ ዝም ማሰኘት ነበረበት፤ አለዚያ ዜማው ሁሉ እርስ በርሱ ይደባለቃል። አውታርን በጊዜው ዝም ማሰኘት ከመምታቱ የማያንስ ጥበብ ነበር፤ ይህንንም ለመማር ብዙ ዓመት ከመምህር ጋር መቀመጥ ያስፈልግ ነበር።

ከጥንታውያን በገናዎች አንዱ ዛሬ በደብሊን ከተማ በትሪኒቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። ሕዝቡ የብሪያን ቦሩ በገና ይለዋል። ነገር ግን ንጉሥ ብሪያን ቦሩ በ1014 ዓ.ም. በክሎንታርፍ ጦርነት የሞተ ሰው ነው፤ በገናው ደግሞ በ14ኛው ወይም በ15ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። እንግዲህ ንጉሡ ይህን በገና አላየውም። ስለ ወደዱት ነገር ታላቅ ታሪክ መስጠት የሰው ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ የክርስቲያን ሰው ፍቅር ከእውነት ጋር ደስ ሊለው ይገባል።

2. በባላባቶች አዳራሽ

የአየርላንድ ሕዝብ ወንጌልን በ5ኛው መቶ ዓመት ተቀበለ። ከዚያም በኋላ በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት ከድንጋይ ጠርበው ባቆሟቸው ታላላቅ መስቀሎች ላይ ንጉሥ ዳዊት የአውታር መሣሪያውን ይዞ ተቀርጾ ይታያል። እንግዲህ በዚያ አገር የአውታር ድምፅና የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ከጥንት ጀምሮ ጎረቤታሞች ነበሩ።

በባላባቶች ቤት ባለቅኔና በገና ደርዳሪ የተከበረ ስፍራ ነበራቸው። ባለቅኔው ግጥሙን ይደርሳል፤ በአዳራሹም ግጥሙ በበገና ታጅቦ ይሰማል። የአባቶች ስም፥ የጀግኖች ሥራ፥ የሙታን ልቅሶ ሁሉ በዚህ መንገድ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፍ ነበር። ደርዳሪው ዜማውን በጽሕፈት አይጽፈውም፤ በእጁና በልቡ ይይዘዋል እንጂ።

በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ ከእንግሊዝ የመጡ መኳንንት ደሴቲቱን መያዝ በጀመሩ ዘመን፥ ጄራልድ የተባለ የዌልስ ተወላጅ የቤተ ክርስቲያን ሰው አገሩን ጎብኝቶ መጽሐፍ ጻፈ። ስለ ሕዝቡ ጠባይ የጻፈው አብዛኛው ነቀፋ ነው። ወደ አውታር መሣሪያዎቻቸው በደረሰ ጊዜ ግን የነቀፋ ቃል አጣ፤ በዚህ ጥበብ ካያቸው ሕዝቦች ሁሉ እንደሚበልጡ መሰከረ። የማይወድ ሰው የሰጠው ምስክርነት ስለ ሆነ ይበልጥ ይታመናል።

በ1366 ዓ.ም. በኪልኬኒ የወጣው ሕግ ግን በዚያ የሰፈሩ እንግሊዛውያን የአየርላንድን ደርዳሪዎችና ባለቅኔዎች በቤታቸው እንዳይቀበሉ ከለከለ። የከለከለበትም ምክንያት ግልጥ ነው፤ ሰፋሪዎቹ ዜማውን ወድደው የአገሩን ቋንቋና ልማድ መያዝ ጀምረው ነበርና።

3. በገንዘብ ላይ የወጣው በገና

አሁን ወደ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንመጣለን። በገናን በመጀመሪያ የአየርላንድ ምልክት አድርጎ በገንዘብ ላይ ያወጣው የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ነው። ከ1534 ዓ.ም. ጀምሮ ለአየርላንድ ባሠራው የብር ገንዘብ ላይ ዘውድ የደፋ በገና ታተመ። በ1541 ዓ.ም. ደግሞ የአየርላንድ ንጉሥ የሚለውን ስም ተቀበለ። በ1603 ዓ.ም. ጄምስ 1ኛ በነገሠ ጊዜ በገናው በዙፋኑ አርማ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬም ድረስ በታላቋ ብሪታንያ መንግሥት አርማ ላይ አለ።

በገናው በንጉሡ ብር ላይ ሲከብር ደርዳሪው ግን አዳራሹን እያጣ ሄደ። በ1607 ዓ.ም. የሰሜኑ ታላላቅ ባላባቶች በመርከብ ተሳፍረው ከአገራቸው ወጡ፤ መሬታቸውም ለባዕዳን ተሰጠ። ከ1649 ዓ.ም. ጀምሮ የክሮምዌል ጦር ደሴቲቱን ባጠፋ ጊዜ የቀሩት ባላባቶች አብዛኞቹ ርስታቸውን ተነጠቁ። የበገናው ጌታ ሲነቀል በገናውም ተንከራተተ።

እኛ የወንጌል ተሐድሶ ልጆች ይህን ታሪክ ስናነብ ፊታችንን ልንመልስ አይገባንም። በዚያ አገር የተሐድሶ ትምህርት ብዙ ጊዜ የገባው ከሰይፍና ከባዕድ ቋንቋ ጋር ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ሊሰማው አልወደደም። ሌላ መንገድ ያሳዩ ሰዎችም ነበሩ። አዲስ ኪዳን በአየርላንድ ቋንቋ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታተመ። የኪልሞር ጳጳስ የነበሩት ዊልያም ቤደል ደግሞ እንግሊዛዊ ሲሆኑ የሕዝቡን ቋንቋ ተምረው ብሉይ ኪዳንን አስተረጎሙ። መጽሐፉ የታተመው እርሳቸው ካለፉ በኋላ በ1685 ዓ.ም. ነው። በ1642 ዓ.ም. በዐመፁ መካከል በሞቱ ጊዜ፥ ጦር አንሥተው የነበሩት አየርላንዳውያን ራሳቸው በክብር ሸኟቸው። ሕዝብን በቋንቋው ያከበረ ሰው በጠላቶቹ ዘንድ እንኳ እንደሚከበር ከዚህ እናያለን።

4. ዕውሮቹ ደርዳሪዎች

አዳራሹ ከፈረሰ በኋላ ደርዳሪዎቹ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩ መንገደኞች ሆኑ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ዕውሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን ፈንጣጣ ብዙ ሕፃናትን ያሳውር ነበርና፥ ማረስና መነገድ የማይችለው ልጅ እንጀራውን እንዲያገኝ በገና እንዲማር ይሰጡት ነበር። ስለዚህ የሕዝቡ የዜማ መዝገብ በአብዛኛው የተጠበቀው ብርሃን ባጡ ሰዎች እጅ ነው።

ከእነርሱ ሁሉ ስሙ የገነነው ተርሎክ ኦካሮላን ነው። በ1670 ዓ.ም. ተወልዶ በ18 ዓመቱ ገደማ ፈንጣጣ ዐይኑን አጠፋው። ወይዘሮ ማክደርሞት ሮ የሚባሉ የአልደርፎርድ እመቤት ራርተው መምህር ቀጠሩለት፤ ሦስት ዓመት ከተማረም በኋላ ፈረስና መንገድ የሚመራው ሰው ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሁሉ በአገሩ እየዞረ ለተቀበሉት ባለቤቶች ዜማ ይደርስ ነበር፤ ከ200 የሚበልጡ ዜማዎቹ እስከ ዛሬ ይታወቃሉ። በ1738 ዓ.ም. መሞቻው እንደ ቀረበ ባወቀ ጊዜ ወደዚያች እመቤት ቤት ተመለሰ፤ በዚያም ዐረፈ። የአንዲት ሴት ቸርነት ለአንድ ዕውር ጎልማሳ የተሰጠ ፈረስ ብቻ መስሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን እነሆ ከ280 ዓመት በኋላ ፍሬውን ይበላል።

5. የቤልፋስት ጉባኤ

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጥንቱን ድርደራ የሚያውቁት ሰዎች በጣት የሚቈጠሩ ሆኑ። በዚህ ጊዜ በሰሜን በቤልፋስት ከተማ የሚኖሩ ሰዎች፥ ከእነርሱም አንዱ ሐኪሙ ጄምስ ማክዶኔል፥ ደርዳሪዎች ሁሉ እንዲሰበሰቡ በጋዜጣ ጥሪ አደረጉ። ቤልፋስት አብዛኛው ሕዝብዋ የተሐድሶ እምነት ተከታይ የሆነ ከተማ ነበረች። ስለዚህ የካቶሊክ ባላባቶች አዳራሽ ያሳደገውን ዜማ ከመጥፋት ለማዳን የተነሡት በአብዛኛው ፕሮቴስታንቶች ነበሩ ማለት ነው።

በሐምሌ ወር 1792 ዓ.ም. ዐሥር የአየርላንድና አንድ የዌልስ ደርዳሪዎች መጡ። ከዐሥሩ ስድስቱ ዕውሮች ነበሩ። አንዲት ሴት፥ ሮዝ ሙኒ፥ በመካከላቸው ነበረች። ከሁሉ ታናሹ የ15 ዓመት ልጅ ዊልያም ካር፥ ከሁሉ ታላቁ ደግሞ የ97 ዓመት ሽማግሌ ዴኒስ ሄምፕሰን ነበር። ሄምፕሰን በሦስት ዓመቱ በፈንጣጣ ዐይኑ ጠፍቶ ነበር። ከመጡትም ሁሉ በጥንቱ ሥርዓት በረጃጅም ጥፍሮቹ የናስ አውታር የሚመታ እርሱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

የሚሰማውን ዜማ በኖታ እንዲጽፍ የተቀጠረው ኤድዋርድ በንቲንግ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ ሥራውም በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መምታት ነበር። በንቲንግ እንደ ጻፈው፥ ሽማግሌው ሄምፕሰን እጅግ ጥንታውያን የሆኑትን ዜማዎች እንዲደረድር ሲለመን አይወድም ነበር፤ ያለፈውን ዘመንና የሞቱ ወዳጆቹን ያሳስቡት ነበርና። እዚህ ላይ በ137ኛው መዝሙር ያሉትን ምርኮኞች እናስባለን። እነርሱም የመዘመሪያ ዕቃቸውን በአኻያ ዛፍ ላይ ሰቅለው ነበር፤ ዘምሩ ሲሏቸውም ልባቸው ተሰበረ። ሽማግሌው ግን በመጨረሻ ደረደረ፤ ወጣቱም ጻፈ። ያን ቀን እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዜማው ከእርሱ ጋር ይቀበር ነበር። ሄምፕሰን በ1807 ዓ.ም. ሞተ፤ ከእርሱም በኋላ ያ ጥንታዊ የአመታት ሥርዓት ከመምህር ወደ ተማሪ መተላለፉ ተቋረጠ።

6. ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ

በንቲንግ ከጉባኤው በኋላ በየገጠሩ እየዞረ ዜማ ይሰበስብ ጀመር። በ1796 ዓ.ም. 66 ዜማዎች ያሉበትን የመጀመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1809ና በ1840 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ሁለት ጨመረ። ሆኖም ሥራው ጉድለት ነበረበት። ዜማዎቹን ለፒያኖ እንዲስማሙ አድርጎ አዘጋጃቸው። በ1802 ዓ.ም. የአየርላንድን ቋንቋ የሚያውቀው ፓትሪክ ሊንች የዘፈኖቹን ቃል እንዲሰበስብ ተልኮ ብዙ ይዞ ተመልሶ ነበር፤ በ1809ኙ መጽሐፍ የታተመው ግን የእንግሊዝኛ ግጥም ነው። ዜማው ዳነ፤ ቃሉ ግን በመሳቢያ ውስጥ ቀረ።

በ1808 ዓ.ም. በቤልፋስት የበገና ማኅበር ተቋቁሞ ዕውሮች ልጆች በዕውሩ መምህር በአርተር ኦኒል እጅ ይማሩ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ አልቆ በ1813 ዓ.ም. ተዘጋ። በደብሊንም ጆን ኢገን የሚባል ሠራተኛ የአንጀት አውታር ያለው አዲስና ቀላል በገና ሠራ፤ ዛሬ በብዙዎች እጅ የሚታየው የአየርላንድ በገና ከዚህ ዐይነት የመጣ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ምልክቱ አልደከመም። በ1791 ዓ.ም. የተመሠረተው የተባበሩ አየርላንዳውያን ማኅበር ዘውድ የሌለው በገና አርማው አድርጎ፥ በገናው አዲስ አውታር እንደ ተደረገለትና እንደሚሰማ ይናገር ነበር። የጊነስ ቢራ ፋብሪካም ከ1862 ዓ.ም. ጀምሮ በገናን በጠርሙሱ ላይ ለጠፈ። በ1922 ዓ.ም. ነጻው መንግሥት በቆመ ጊዜ በትሪኒቲ ኮሌጅ ያለውን በገና ምሳሌ አድርጎ ማኅተሙን አሠራ፤ የመንግሥቱ በገና ግን ከቢራው በገና እንዲለይ ፊቱን ወደ ሌላው ወገን አዞረ። በ1928 ዓ.ም. በአዲሱ ገንዘብ፥ በ1945 ዓ.ም. በፕሬዚዳንቱ ሰንደቅ ዓላማ፥ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በኤውሮ ሳንቲም ላይ በገናው ወጣ። በ2009 ዓ.ም. በደብሊን የተከፈተው የሳሙኤል ቤኬት ድልድይ እንኳ በጎኑ የተጋደመ በገና ይመስላል።

ደስ የሚያሰኘው ግን ሌላው ነው። በየትምህርት ቤቱና በየመንደሩ በገና የሚማሩ ልጆች እንደገና በዝተዋል፤ የናስ አውታሩንም ሥርዓት ከጥንቱ ጽሑፍ እየመረመሩ የሚያድሱት አሉ። በ2019 ዓ.ም. ዩኔስኮ የአየርላንድን የበገና ድርደራ በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው። የጻፈውም የበገናውን ሥዕል ሳይሆን ድርደራውን ነው።

7. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

አንደኛ፥ ምልክት ሕይወት እንዳልሆነ እንማራለን። በገናው በንጉሥ ገንዘብ ላይ ሲያበራ ደርዳሪው በመንገድ ይራብ ነበር። ሐዋርያው በ2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥5 የአምልኮ መልክ ይዘው ኀይሉን ስለሚክዱ ሰዎች ያስጠነቅቃል። እኛም በበራችን ላይ መስቀል፥ በመጽሐፋችን ሽፋን ላይ የማኅበራችን ማኅተም አለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን በቤታችን ማታ ማታ ጸሎትና መዝሙር የማይሰማ ከሆነ፥ በማኅተም ላይ እንዳለው በገና ሆነናል፤ መልክ አለው፥ ድምፅ ግን የለውም።

ሁለተኛ፥ የ97 ዓመቱ ሽማግሌና የ19 ዓመቱ ወጣት በአንድ ቤት ተቀመጡ። በማኅበራችን የመጀመሪያዎቹን አማኞች መዝሙርና ምስክርነት በልባቸው የያዙ አረጋውያን አሉ። ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚሰማና የሚጽፍ ወጣት ማን ነው? አረጋውያንም ዘመኑ ተለወጠ ብለው በኀዘን ዝም አይበሉ። እንደ ሄምፕሰን፥ ልብ ቢሰበርም እንኳ፥ ያለውን መስጠት ይገባል።

ሦስተኛ፥ ዜማና ቃል እንዳይለያዩ እንጠንቀቅ። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ስለ ዋሽንትና ስለ ክራር ተናግሮ፥ ድምፁ ካልተለየ የሚመታውን ማን ያውቃል ብሎ ይጠይቃል። ማርቲን ሉተር ራሱ ክራር መሰል መሣሪያ ይመታ ነበር፤ ከእግዚአብሔር ቃል ትምህርት ቀጥሎም ለሙዚቃ ታላቅ ስፍራ ይሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንዲዘምር ደከመ። በአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1919 ዓ.ም. በወጣው የመዝሙር መጽሐፍ ስሌን የተባለው የሕዝብ ዜማ ከጥንታዊ የአየርላንድ ጸሎት ጋር ተጋጥሞ ገባ፤ ዛሬ በብዙ አገር ይዘመራል። የመንደር ዜማ ለጌታ ሲቀደስ እንዲህ ሩቅ ይሄዳል። እንግዲህ የአባቶቻችንን ዜማና መሣሪያ ከመናቃችን በፊት፥ ለክርስቶስ ምስጋና ሊውል ይችል እንደ ሆነ እንመርምር።

አራተኛ፥ የራስን ነገር መውደድ ራስን ወደ ማምለክ እንዳይደርስ እንጠበቅ። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 6 በመሣሪያ ድምፅ እየተደሰቱ ስለ ወገናቸው ስብራት የማያዝኑትን ገሠጸ። አንዱ በገና፥ ዘውድ ደፍቶና ዘውድ አውልቆ፥ በሁለት ተዋጊ ወገኖች አርማ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሚያስታርቃቸው ግን አልሆነም። ሰዎችን የሚያስታርቅ በመስቀሉ ደም ሰላምን ያደረገው ክርስቶስ ብቻ ነው። በራእይ 5 በበጉ ፊት በገና የያዙት ከነገድና ከቋንቋ ሁሉ በደሙ ስለ ዋጃቸው አዲስ ቅኔ ይዘምራሉ። በዚያ የማንም ሕዝብ ዜማ አይናቅም፥ የማንም ሕዝብ ስም ግን ከበጉ ስም በላይ አይጠራም።

ለማኅበር ጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዳዊት በሳኦል ፊት ሲደረድር እረፍትን የሰጠው ማን ነው? መሣሪያው ወይስ እግዚአብሔር? (1ኛ ሳሙኤል 16፥18 እና 23)
2. በቤታችንና በማኅበራችን በማኅተም ላይ እንዳለው በገና መልክ ብቻ የቀረው ነገር ምንድር ነው?
3. በመካከላችን ካሉት አረጋውያን ያልተጻፈ መዝሙር ወይም ምስክርነት የያዙ እነማን ናቸው? በዚህ ወር ማን ሄዶ ይጽፈዋል?
4. ጳጳስ ቤደል የሕዝቡን ቋንቋ መማራቸው ለወንጌል ሥራ ምን ያስተምረናል?
5. ወይዘሮ ማክደርሞት ሮ ለዕውሩ ጎልማሳ እንዳደረጉት፥ ማኅበራችን ለዕውሮችና ለአካለ ስንኩላን ምን ልታደርግ ትችላለች?

ጸሎት

ጌታ ሆይ፥ ከንፈራችንን ክፈት፥ ልባችንንም አንተ ራስህ ቃኘው። መልክ ብቻ ይዘን እንዳንቀር በመንፈስ ቅዱስህ አድነን። ለልጆቻችን ስምህን በሚያስተውሉት ቋንቋ እንድናስተላልፍ እርዳን፤ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ጌታችን። አሜን።